በማደግ ላይ ላለ ቀስተኛ ልጅ የሚስማማ ፍላጻ፦ ችግሮችና መፍትሄዎች

ቀስቱ ሳይለወጥ የልጁ ክንድ ይረዝማል፤ ገመዱን ወደ ኋላ የሚስብበት ርቀት ሲጨምር ደግሞ ያው ቀስት ከቀድሞው የበለጠ ኃይል ይሰጣል። ባለፈው ዓመት ልኩ የነበረው ፍላጻ ዘንድሮ አጭርም ልልም ሊሆንበት ስለሚችል፣ ልጁ ዒላማውን መሳት ሲጀምር አቋቋሙን ከመንቀፍ በፊት ፍላጻውን መለካት ይገባል።

ገመዱ ተስቦ ሲያበቃ የፍላጻው ጫፍ ወደ ማሳረፊያው ይጠጋል

ይህ ምልክት ከታየ ልምምዱ ወዲያውኑ መቆም አለበት። አጭር ፍላጻ ከማሳረፊያው (በቀስቱ እጀታ ላይ ፍላጻው ከሚያርፍበት ቦታ) ወደ ኋላ ሾልኮ ሊወድቅ ይችላል፤ በዚያው ቅጽበት ገመዱ ከተለቀቀ ቀስቱን የያዘውን እጅ ሊወጋ ወይም እጀታው ላይ ተሰባብሮ ሊበተን ይችላል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የልጁ ማደግ ብቻ ነው። መፍትሄውም አዲስ ልኬት ነው፦ ልጁ ወደ ዒላማው ዞሮ፣ በጣም ረጅም በሆነ ፍላጻና በቀላል ቀስት እንደ ልማዱ ይሳብ፤ ከጎኑ የቆመ አዋቂ፣ ከጫፉ ፊት ሳይገባ፣ ዘንጉ ማሳረፊያውን የሚነካበትን ቦታ ምልክት ያድርግበት። አንድ ልኬት አያስተማምንም፤ ልጆች ገመዱን የሚስቡበት ርቀት ከአንዱ ልኬት ወደ ሌላው ሊለያይ ስለሚችል ጥቂት ጊዜ ደጋግሞ ረጅሙን መውሰድ ይሻላል። በዚያ ላይ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ቶሎ ለሚያድግ ልጅ እስከ 8 ሴንቲ ሜትር መጨመር ያስፈልጋል። ዘንጉን ለማሳመር ሲባል ከዚህ በታች መቁረጥ በፍጹም አይገባም።

ፍላጻዎቹ በተደጋጋሚ ወደ ግራ ያዘነብላሉ

ቀኝ እጁን ለሚጠቀምና ገመዱን በጣቱ ለሚስብ ልጅ ይህ የዘንጉን ከልክ በላይ መጠንከር ያመለክታል፤ ለግራኝ አቅጣጫው ተቃራኒ ነው። የዘንግ ግትርነት የሚለካው በ28 ኢንች ርቀት በሁለት ድጋፎች ላይ ተጋድሞ፣ መካከሉ ላይ 880 ግራም ያህል ሲንጠለጠልበት በሚጎብጠው መጠን ነው፦ ግማሽ ኢንች የጎበጠው 500፣ አንድ ኢንች የጎበጠው 1000 ይባላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ዘንጉ ይጠነክራል። ችግሩ በብዛት የሚመጣው የአዋቂ ፍላጻ ለልጅ ሲሰጥ ነው። በቀስት ላይ የተጻፈው ፓውንድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለ28 ኢንች ስበት የተለካ በመሆኑ፣ 24 ኢንች ብቻ የሚስብ ልጅ «20 ፓውንድ» ከተባለው ቀስት የሚያገኘው ኃይል ከዚያ በግልጽ ያነሰ ነው። ስለዚህ ለስላሳ ዘንግ መምረጥ፣ ዘንጉን ሳያሳጥሩ ረጅም አድርጎ መተው ወይም ከበድ ያለ ጫፍ መግጠም ይረዳል።

ቀድሞ መሃል ይመቱ የነበሩት አሁን ወደ ቀኝ ይሄዳሉ

ይህ የእድገት ምልክት ነው፤ ስበቱም ኃይሉም ስለጨመረ ዘንጉ ላልቷል። ጫፉን ማቅለል ለጊዜው ይበጃል፤ ዘላቂው መፍትሄ ግን ጠንከር ያለ ዘንግ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ላባ የሌለው ፍላጻ ከባለላባዎቹ ጋር በቅርብ ርቀት ይሞከር፦ ከእነሱ በስተግራ ካረፈ ጠንካራ፣ በስተቀኝ ካረፈ ልል ነው። የልጁ ፍላጻዎች ገና አንድ ቦታ መሰብሰብ ካልጀመሩ ግን ይህ ሙከራ አሳሳች ስለሆነ መዝለሉ ይሻላል።

ላባ የሌለው ፍላጻ ከሌሎቹ በላይ ወይም በታች ያርፋል

ከላይ ካረፈ በገመዱ ላይ ፍላጻው የሚሰካበት ምልክት ዝቅ ብሏል፣ ከታች ካረፈ ከፍ ብሏል፤ ምልክቱን በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ ማስተካከል ይበቃል።

አንድ ፍላጻ ብቻ ሁልጊዜ ከሌሎቹ ይለያል

ፍላጻዎቹ ቁጥር ተጽፎባቸው ከሆነ ይህ በቀላሉ ይታወቃል። የተነቀለ ላባ፣ የላላ ጫፍ ወይም የተሰነጠቀ ኖክ (ገመዱ የሚገባበት የፍላጻው የኋላ ጫፍ) ከሌለ፣ የካርቦኑን ዘንግ ከፊት አርቆ እያጎበጡ መስማት ነው። የመሰንጠቅ ድምፅ ካሰማ፣ ወይም ጣት ሲዳስሰው የተነሳ ቃጫ ከተገኘ፣ ዳግመኛ ማንም እንዳይጠቀምበት ሰብሮ መጣል ግዴታ ነው።