ኒውዮርክ ብቻችሁን ምሳ ለምትበሉ ወሎዬዎች

ዲቪ ደርሶት ወይም ቤተሰብ ጠርቶት ኒውዮርክ የሚሄድ የደሴና የኮምቦልቻ ልጅ ሁሉ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ ስለ ሥራ ይጠይቀኛል። ስለ ምሳ የሚጠይቀኝ የለም። ከገባ በኋላ ግን ሌሊት ሌሊት የሚደውልልኝ ስለ ምሳ ነው። «ቲፕ ግዴታ ነው እንዴ?» «ጋሪ ላይ የሚሸጠው ሥጋ የማን ነው?» «ብቻዬን ብገባ ያስተናግዱኛል?» አሁን ለዕረፍት መጥቼ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር እናቴ ቤት ነኝ፤ ቡና በተፈላ ቁጥር አንድ ጎረቤት የሚሄድ ልጅ አስከትሎ ይመጣል፤ ያንኑ እደግማለሁ። ጉሮሮዬ ደከመ። ከዚህ ወዲያ የመጣው ይህን ያንብብ።

መጀመሪያ ሐፍረቱ። እኛ ዘንድ ብቻውን የሚበላ ሰው ወይ ስስታም ነው ወይ ከሰው ተጣልቷል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ያደገ ልጅ ምግብ ቤት በር ላይ ሲደርስ እግሩ ይያዛል። የማውቀው የኮምቦልቻ ልጅ ማንሃተን ውስጥ ዕቃ ማድረስ ጀምሮ ከጧት እስከ ማታ በሙዝ ይውል ነበር። ብር አጥቶ አይደለም። በመስታወቱ ሲያይ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ይበላል፤ «ገብቼ ማን ጋር ልቀመጥ?» እያለ ያልፋል። አንድ ቀን ሲመሽ ራሱን አዞረውና ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። እዚያ ከተማ ብቻውን የሚበላ ሰው ብርቅ አይደለም፤ ማንም ዞሮ አያያችሁም፤ ማንም «እንብላ» አይላችሁም፤ እናንተም አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው «እንብላ» አትበሉት። ደንግጦ ሳህኑን ያርቃል።

አስተናጋጅ ያለበት ቤት ስትገቡ ሮጣችሁ ባዶ ወንበር ላይ አትቀመጡ። በር ላይ ቁሙ፤ ስንት ናችሁ ይሏችኋል፤ አንድ ጣት አሳዩ፤ በቃ። ብዙ ጊዜ ባንኮኒው ጋ ያስቀምጧችኋል፤ ለአንድ ሰው የአራት ሰው ጠረጴዛ መስጠት ስለማይፈልጉ ነው እንጂ ንቀት አይደለም። ባንኮኒው የመጠጥ ከሆነ ጠጡ ብሎ የሚያስገድድ የለም፤ ሙሉ ምግብ እዚያው ይቀርባል። መጠጥ ካለበት ማዕድ መቀመጥ ዲኔ አይፈቅድልኝም የምትሉ ትንሽ ጠረጴዛ ጠይቁ፤ ከ6 ሰዓት በፊት ወይም ከ8 ሰዓት በኋላ፣ በእኛ ሰዓት ማለቴ ነው፣ አይከለክሏችሁም። እጅ የሚያስታጥብ ሰው አይመጣም፤ መታጠቢያ ቤት ታጥባችሁ ተቀመጡ። ደግሞ በእግዜር፣ በአላህ፣ አስተናጋጅ በጭብጨባ አትጥሩ። አንድ የአገሬ ሰው ሲያጨበጭብ ቤቱ ሁሉ ልደት ያለ መስሎት አብሮት አጨበጨበ። የተረፈውን ምግብ ግን አስቋጥራችሁ ውሰዱ፤ ሣጥን አምጡልኝ ማለት ነውር የለውም።

አሁን ወደ ጋሪው እንምጣ። እዚያ ያሉት አበሾች ካርት ነው የሚሉት። መንገድ ዳር የቆመ፣ ጃንጥላ የተከለ፣ ብረት ምጣዱ ላይ ዶሮ የሚከትፍ ሰው ካያችሁ እሱ ነው። ሩዝ፣ ላዩ ላይ ዶሮ ወይም በግ፣ ሰላጣ፣ ከዚያ ነጭ ሶስና ቀይ ሶስ። እንደ ሰፈሩ 10 ዶላር አካባቢ ነው፤ ሁለት ሰው ያጠግባል፤ ለብቻችሁ ከሆናችሁ ግማሹ እራት ነው። በዓለም የታወቀው ሃላል ጋይስ የሚባለው ካርት 53ኛ መንገድና 6ኛ አቬኑ ጥግ በ1990 እ.ኤ.አ. የሆት ዶግ ጋሪ ሆኖ ነው የጀመረው፤ የመሠረቱት ግብፆች ናቸው። ሙስሊም የታክሲ ሹፌሮች ሃላል ምግብ አጥተው ሲቸገሩ አይተው ወደ ዶሮና ሩዝ ዞሩ። ወረፋው ረጅም ነው፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ለፎቶ ካልሆነ አትሰለፉ፤ ሁለት ብሎክ ራቅ ብሎ ያለው ግብፃዊ ከእሱ አያንስም።

ካርት ስትመርጡ ፊደሉን እዩ። ምግብ ቤቶች ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ካርቶች ደግሞ ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ የጤና ቁጥጥር ውጤታቸውን በፊደል ይለጥፋሉ። ኤ ጥሩ ነው። የሚቆጠረው የጥፋት ነጥብ ነው፤ እስከ 13 ድረስ ኤ፣ ከ14 እስከ 27 ቢ፣ ከዚያ በላይ ሲ ያሰጣል። ዋጋ ያልተጻፈበት ካርት ደግሞ እለፉት፤ በተለይ ቱሪስት የሚበዛበት ሰፈር። ዋጋ ሳትጠይቁ «እሺ» ካላችሁ በኋላ ሩዙ ሣጥን ውስጥ ገብቶ መከራከር አይቻልም።

ጅዳ፣ ሪያድ ወይም ቤይሩት የሠራችሁ እህቶቻችን እዚህ ዕድለኞች ናችሁ። ብዙ ካርት ላይ ያለው ሰው ግብፃዊ ነው፤ በዐረብኛ ሰላም ካላችሁት ሥጋው ይጨመራል። በዚያ አገር ዐረብኛችሁ ከእንግሊዝኛችሁ ቀድሞ ያበላችኋል። እንግሊዝኛ ስለማልችል ብላችሁ ምሳ አትዝለሉ።

የሥጋው ጥያቄ ደግሞ አለ። ወሎ ውስጥ ሰርግ ሲደገስ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየራሱ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፣ አብሮ ይበላል። እዚያ ያን የሚያሰናዳላችሁ ደጋሽ የለም። «ሃላል» ብሎ የለጠፈ ካርት ሥጋው ሃላል ነው፤ ሙስሊሙ ይገላገላል። ክርስቲያኑ ልጅ «ልብላ አልብላ» ብሎ እኔን አይጠይቀኝ፤ ንስሐ አባቱን ይጠይቅ። እኔ የማውቀው መፍትሔ ፈላፈል ነው፤ የሽምብራ ቂጣ ነገር ነው፤ በዳቦ ተጠቅልሎ፣ ከሰሊጥ ሶስ ጋር። ለጾመኛም ይሆናል። ነገር ግን ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ነጩን ሶስ ተዉት፤ ማዮኔዝ ነው፣ እንቁላል አለበት፤ አንዳንዱ እርጎ ይጨምርበታል። ቢጫው ሩዝም ቅቤ ወይም የዶሮ መረቅ ሊገባበት ስለሚችል ጠይቁ። ጧት ከካርት ቡና ስታዙ ደግሞ «ሬጉላር» ካላችሁ ወተትና ስኳር አድርጎ ይሰጣችኋል፤ ጥቁር ከፈለጋችሁ ጥቁር በሉ። ለሙስሊሞች ደግሞ፦ ፔኔ አላ ቮድካ የሚባለው ፓስታ ስሙ ብቻ አይደለም፣ ቮድካ ይገባበታል፤ የአትክልት ሾርባና ባቄላ ውስጥ የአሳማ ቁራጭ መጨመር የተለመደ ነው። «ሥጋ አልበላም» ማለት አይበቃም፤ የምን መረቅ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ቀዩን ሶስ ደግሞ በሚጥሚጣ ያደግን ነን ብላችሁ አትድፈሩት።

አሁን ረዘም አድርጌ የምጽፈው መጣ፣ የተበላው የኔ ብር ነውና። ታይምስ ስኩዌር አጠገብ ያለ፣ ስሙን የማልጠራው ምግብ ቤት ነው። ሜኑው ላይ ፓስታው 26 ዶላር ይላል። አስተናጋጇ ፈገግ ብላ ውሃ ጋዝ ያለው ይሁን የሌለው አለችኝ፤ የሌለው አልኳት፤ ጠርሙስ ከፍታ ቀዳችልኝ። 8 ዶላር! ጋዝ የሌለው ስትሉ የታሸገ ነው የሚመጣላችሁ። ነጻው የቧንቧ ውሃ ነው፤ «ታፕ ዋተር» ብላችሁ ስሙን ካልጠራችሁ አይመጣም። የኒውዮርክ የቧንቧ ውሃ በአብዛኛው ከካትስኪል ተራሮች የሚወርድ ጥሩ ውሃ ነው፤ ያለ ሥጋት ጠጡት።

ሂሳቡ መጣ። ምግብ 26፣ ውሃ 8፣ ታክስ 3.02፣ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ግራቱዊቲ 20 ከመቶ» 6.80፣ ድምር 43.82። ቲፑ እዚያው ተቆርጧል ማለት ነው። ይህን ሳላስተውል ማሽኑን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው፤ 18፣ 20፣ 25 የሚሉ ሣጥኖች፤ ቆማ ታየኛለች። 20ውን ነካሁ። ማሽኑ ያሰላው ከምግቡ ዋጋ አይደለም፤ ታክሱም ቀድሞ የተቆረጠው ቲፕም ከተደመሩበት ከ43.82 ላይ ነው። 8.76 ጨመረ። 26 ዶላር የተጻፈበትን ፓስታ በልቼ 52 ዶላር ከ58 ሳንቲም ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ደረሰኙን ሳነብ ነው የገባኝ። ተመልሼ ሄድኩ፤ ሥራ አስኪያጁ ሜኑውን ገልብጦ ከታች የተጻፈችውን የጉንዳን እግር የምታህል መስመር አሳየኝ። ተጽፏል፤ አልቀረም። ግን ያቺ መስመር እንድትነበብ ተብላ አልተጻፈችም።

ስለዚህ ካርዳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ደረሰኙ ላይ «ግራቱዊቲ» ወይም «ሰርቪስ ቻርጅ» የሚል ፈልጉ። ግራቱዊቲ ካለ ቲፕ በሚለው መስመር ላይ ዜሮ ጻፉ፤ ፊታችሁን አታቅሉ። ሰርቪስ ቻርጅ ካለ ለአስተናጋጇ ይደርሳል ወይ ብላችሁ ጠይቋት፤ ትነግራችኋለች። አስተናጋጅ ከሜኑው ውጪ የዕለቱ ምግብ ብላ በቃሏ የምትደረድረውንም ዋጋ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ውድ እሱ ነው። የተጭበረበራችሁ ከመሰላችሁ የከተማው አቤቱታ መቀበያ ስልክ 311 ላይ ደውሉና የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። እናቱ ሰኞ ገበያ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ግማሽ ሰዓት ስትከራከር ያደገ ልጅ፣ በዶላር የተጻፈ ሂሳብ ማንበብ ስስት ይመስለዋል። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

ይህን ስል ደግሞ ቲፕ አትስጡ ማለቴ አይደለም። ሌላው የሚያሳፍረኝ ወገን ይሄ ነው፦ ተስተናግዶ፣ ስቴክ ይዞ ፎቶ ተነሥቶ፣ ሁለት ዶላር ጠረጴዛ ላይ ጥሎ የሚወጣ። በ2025 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 16.50 ዶላር ነበር፤ ለቲፕ ሠራተኛ ግን ምግብ ቤቱ 11 ዶላር ብቻ ከፍሎ የቀረውን በደንበኛ ቲፕ እንዲሞላ ሕጉ ይፈቅድለት ነበር። የሰው ደመወዝ ደንበኛ ኪስ ውስጥ የሚፈለግበት አሠራር ለእኔ ቅጥ የለውም፤ ግን ቅጥ ማጣቱን የምታስተካክሉት በአስተናጋጇ ሆድ አይደለም። ደግሞም ከወር በኋላ ያቺ አስተናጋጅ የእናንተው እህት ልትሆን ትችላለች። ተቀምጣችሁ ከበላችሁ ከ18 እስከ 20 ከመቶ ስጡ። ስሌቱ የሚያስቸግራችሁ ታክሱን በሁለት አባዙት፤ ታክሱ 8.875 ከመቶ ስለሆነ እጥፉ 18 ይጠጋል። ቆማችሁ ለምትገዙት ቡናና ፒዛ፣ ስክሪኑ ቢዞርባችሁም፣ ግዴታ የለባችሁም። ለካርቱ ሰውዬ አንድ ዶላር ብትተዉ በማግሥቱ ያስታውሳችኋል።

ታክሱ ሜኑ ላይ አይጻፍም፤ በኋላ ነው የሚደመረው። ካርት ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈውን ብቻ ትከፍላላችሁ። የታክሱን ነገር ለመረዳት አትድከሙ፦ ቤግል የሚባለውን ዳቦ ሳይቆረጥ ገዝታችሁ ከወጣችሁ ታክስ የለውም፤ ሻጩ በቢላ ለሁለት ከከፈለላችሁ ታክስ አለው። ይህን ሕግ ያወጣ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው ነው ያወጣው።

የባንክ ካርድ እስኪወጣላችሁ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የከተማው ምግብ ቤትና ሱቅ ጥሬ ገንዘብ አልቀበልም ማለት አይችልም። ነገር ግን ከ20 ዶላር በላይ የሆነ ኖት መቀበል አይገደድም። ከዚህ ጠቅልላችሁ የምትሄዱትን ባለ 100 ዶላር ባንክ መንዝሩት፤ ካርቱ ላይ ዘርግታችሁ ከኋላችሁ ያለውን ወረፋ አታስቆጡ።

ገዝታችሁ የት ትበላላችሁ? ማንሃተን ከሆናችሁ ብራያንት ፓርክ፣ 42ኛ መንገድ ላይ። ወንበሩ ነጻ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱም ነጻና ንጹሕ ነው። ኩዊንስ የምትኖሩ ፍለሺንግ የገበያ ሕንፃዎቹ ውስጥ ያሉትን የምግብ አዳራሾች፣ ጃክሰን ሃይትስ ደግሞ የቲቤቶቹን ሞሞ፣ በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ ነው፣ ሞክሩ፤ ሞሞው የበሬ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብቻውን ለሚበላ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፤ ሁሉም በትሪ ይዞ ያገኘበት ይቀመጣል።

ሁለት ቦታ ብቻችሁን አትሂዱ። አንዱ 32ኛ መንገድ ላይ ያሉት የኮሪያ ጥብስ ቤቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከሁለት ሰው በታች ጥብሱን አያቀርቡላችሁም። ሌላው የአበሻ ምግብ ቤት ነው፤ በያይነቱ ለአንድ ሰው ውድ ነው፣ እንጀራው ይተርፋል፣ ለመጎራረስም ሰው የለም። ደመወዝ ስትቀበሉ ሦስት አራት ሆናችሁ ሂዱና አንድ ትሪ እዘዙ፤ ማን ይክፈል የሚለውን ግን እዚያ በር ላይ ሳይሆን ባቡር ውስጥ ጨርሱት።