ዶዘር ምንጣሮ ላይ ሂት ሲያደርግ፦ ቴስታታ ከመፍታታችሁ በፊት

ዶዘር ምንጣሮ ላይ ሂት ካደረገ (ከልክ በላይ ከሞቀ) ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሞተሩ ውስጥ አይደለም። ውጭ ነው። ቅጠል፣ ገለባ፣ አቧራ። እኛ ጋ ግን የሙቀት ጌጁ ቀይ ሲነካ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛ ክፍል) ጋስኬት ነው፣ ራዲያተር ማጽዳት ትዝ የሚለን ቴስታታ ከወረደ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው።

አፋር ላይ ፕሮሶፒስ (ወራሪው እሾሃማ ዛፍ) የሚመነጥር ዶዘርን አስቡ። መካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራ አካባቢ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የፕሮሶፒስ ቅጠል ደግሞ ደቃቅ ነው፣ ሲደርቅ ይረግፍና ፋኑ ወደሚስብበት ሁሉ ይገባል። ያው ዶዘር አዲስ አበባ ጋራዥ ቆሞ ሲሞከር ምንም የለበትም፣ ምክንያቱም አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሞተሩም ጭነት የለበትም። «ተሠርቷል» ተብሎ ይላካል፣ በማግስቱ ከአሚባራ ይደወላል። ስለዚህ ምርመራው ሥራው ላይ፣ ጭነት እያለ መደረግ አለበት።

ጌጁ ሲወጣ ሞተሩን ቶሎ አታጥፉ። ብሌዱን አውርዱ፣ ማርሹን ነጻ አድርጉ፣ ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ከሚዞርበት ፍጥነት) ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አቆዩት። ፓምፑም ፋኑም እየዞሩ ሙቀቱን ያወጡታል፣ ቱርቦውም ይተነፍሳል። ውሃ እየፈሰሰ ከሆነ፣ የዘይት ግፊት ከወረደ ወይም የሚቃጠል ነገር ከሸተተ ግን ወዲያው አጥፉ። የራዲያተር ክዳን በትኩሱ አይነካም። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም አይሞከርም፣ ቴስታታ የሚሰነጠቀው እንደዚህ ነው።

ከቀዘቀዘ በኋላ የመጀመሪያው ነገር የውሃ መጠን ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን አንድ ጉዳይ አለው። ውሃው ከሴንሰሩ በታች ከወረደ ሴንሰሩ የሚነካው ውሃ ስለሌለ ጌጁ ዝቅ ብሎ ሊቀመጥ ይችላል፣ ሞተሩ ግን እየነደደ ነው። ተቃራኒውም አለ፤ ሴንሰሩ ተበላሽቶ የሌለ ሙቀት ያሳያል። ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ያዙና የቴርሞስታቱን (ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈውን ቫልቭ) ቤት ለኩ። ጌጁ 105 እያለ እዚያ 88 ካገኛችሁ ሞተሩን ተዉትና ሴንሰሩን ቀይሩ።

ቀጥሎ ኦፕሬተሩን ጠይቁት። «መቼ ነው የሚሞቀው?» ከሁሉም መሣሪያ ይሄ ጥያቄ ይበልጣል። ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት ቀስ እያለ የሚወጣ ከሆነ አየር ነው፣ ራዲያተሩ እየተደፈነ ነው። ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ፣ ጭነት ሳይኖር ከሞቀ ቴርሞስታት፣ ፓምፕ ወይም የውሃ ማነስ ጠርጥሩ። ሲገፋ ብቻ ሞቆ ሲቆም የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ራዲያተር፣ ቺንጋ (ፋኑን የሚያዞረው ቀበቶ) ወይም የአነዳድ ጉዳይ ነው። የኮንቨርተሩን (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈውን ክፍል) ዘይት ጌጅም ተመልክቶ እንደሆነ ጠይቁት። ቀድሞ የወጣው እሱ ከሆነ ሙቀቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። የኮንቨርተሩ ዘይት በአብዛኛው የሚቀዘቅዘው በሞተሩ ውሃ ስለሆነ፣ ትልቅ ጉቶ ላይ በ2ኛ ማርሽ ተደግፎ ማሽኑ ሳይንቀሳቀስ ነዳጅ የሚሰጥ ኦፕሬተር ደህናውን ሞተር ሂት ያስደርገዋል። መድኃኒቱ 1ኛ ማርሽ ነው፣ ጉቶውንም መጀመሪያ ዙሪያውን ቆርጦ ከዚያ መግፋት።

ወደ ራዲያተሩ እንምጣ፣ ዋናው እዚህ ነው። ከፊት አይታችሁ «ንጹሕ ነው» አትበሉ። ብዙ ዶዘሮች ላይ ፋኑ አየር የሚገፋው ከሞተር ወደ ውጭ ነው፣ ስለዚህ ቆሻሻው የሚጠራቀመው በውስጥ በኩል፣ በፋኑና በራዲያተሩ መሃል ነው። ከውጭ ሲያዩት ያብረቀርቃል፣ ከውስጥ ግን ፍራሽ ለብሷል። በአንድ በኩል ባትሪ አብሩና በሌላው በኩል እዩ፣ ብርሃን የማያልፍበት ቦታ አየርም አያልፍበትም። ኦይል ኩለር (የዘይት ማቀዝቀዣ) ወይም የኤሲ ኮንደንሰር ከራዲያተሩ ጋር ተደርቦ ከሆነ ደግሞ በመሃላቸው የታጨቀው ቅጠል በዚህ ዓይነት ላይታይ ይችላል፣ መለየት ያስፈልጋል።

ማጽዳት የሚጀመረው በደረቁ፣ በኮምፕሬሰር አየር ነው። አቅጣጫው አየሩ ከሚሄድበት ተቃራኒ ይሁን፣ ቆሻሻው በገባበት ይውጣ። መጀመሪያ ውሃ ከረጫችሁ አቧራውና ቅጠሉ ጭቃ ሆኖ ፊኖቹ (የራዲያተሩ ስስ ቆርቆሮዎች) መሃል ይደርቃል፣ ከዚያ እሱን ማውጣት ሌላ ሥራ ነው። ውሃ በኋላ ነው፣ እሱም በርቀት፣ ቀጥ ብሎ። ከፍተኛ ግፊት ያለው ማጠቢያ በቅርብ ከተያዘ ፊኖቹን ያጣጥፋቸዋል። ፊኑ ቅባት ካለው ግን አየርም ውሃም ዋጋ የለውም፣ በሳሙና ወይም በቅባት ማስለቀቂያ ይታጠብ። የሚያንጠባጥበው ዘይት ከየት እንደሚመጣም ካልተገኘ በሳምንቱ እዚያው ናችሁ።

የጎን በሮቹን ቀዳዳዎችና ከሞተር ሥር ያለውን መከለያም አትርሱ። እዚያ የሚከማቸው ደረቅ ቅጠል አየር ከመዝጋት አልፎ ማሽን ያቃጥላል። ቱርቦ አጠገብ ያለውን በየቀኑ አውጡ፣ እሳት ማጥፊያውም ይሙላ። አንዳንዱ ደግሞ «አየር እንዲያገኝ» ብሎ የፋኑን መከለያ አውጥቶ ይጥላል። መከለያው ከሌለ ፋኑ አየሩን በራዲያተሩ ከማሳለፍ ይልቅ እዚያው ያዞረዋል።

ፋን በቺንጋ የሚዞር ከሆነ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቺንጋውን እዩ። ጎኑ እንደ መስታወት ካበራ ይንሸራተታል ማለት ነው። የውሃ ፓምፑ ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ እያንጠባጠበች ከሆነ የፓምፑ ማኅተም አልቋል። ቀዳዳዋን መድፈን ጥገና አይደለም።

ቀጥሎ በቴርሞሜትሩ የራዲያተሩን የላይኛውንና የታችኛውን የውሃ ጎማ ለኩ። ሞተሩ ሞቆ የላይኛው ጎማ ከቀዘቀዘ ውሃው እየመጣ አይደለም፣ ቴርሞስታቱ አልተከፈተም ወይም ፓምፑ አይገፋም። የራዲያተሩን ፊትም ቦታ እየቀያየራችሁ ለኩ። አንድ አካባቢ ከሌላው በጣም ከቀዘቀዘ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ከውስጥ ተደፍነዋል። ሞተሩ ሲፈጥን የታችኛው ጎማ ከተጨማደደ ደግሞ ወይ ጎማው ለስልሷል፣ ወይ የራዲያተሩ ውስጥ ተደፍኗል። ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚጨማደድ ከሆነ ክዳኑን ቀይሩት። ክዳን ርካሽ ነው ተብሎ ይናቃል፣ ግን ግፊት ካልያዘ ውሃው ቀድሞ ይፈላል።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል የሚባለውን ነገር አልወደውም። በብዙ ትልልቅ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ራዲያተር የሚያስኬደውን መንገድ ብቻ አይደለም የሚከፍተው፣ ውሃውን ወደ ሞተሩ የሚመልሰውንም አቋራጭ ይዘጋል። አውጥታችሁ ከጣላችሁት አቋራጩ ክፍት ይቀርና ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። ሊያቀዘቅዝ የወጣው ያሞቀዋል ማለት ነው። ከተጠራጠራችሁ ድስት ውስጥ ውሃ አፍልታችሁ ሞክሩት። 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት እዚያ አካባቢ መከፈት ይጀምራል፣ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ግን ወደ 95 ሲጠጋ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በድስት ሙከራ ጨርሶ ሲከፈት ላታዩት ትችላላችሁ። «አይሠራም» ብላችሁ ደህናውን እንዳትጥሉት።

ስለ ውሃው አንድ ነገር። «እኛ ጋ በረዶ የለም፣ ኩላንት ምን ያደርጋል» ይባላል። ኩላንት የመፍያ ነጥቡን ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትንና የሲሊንደር ካኒያ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) መበሳትን ይከላከላል። የወንዝ ወይም የጉድጓድ ውሃ ብቻ ሲሞላ ከርሞ ውስጡ ድንጋይ ይሠራል፣ ያንን ከውጭ ምንም ያህል ብታጥቡት አይለቅም።

ይሄ ሁሉ ታይቶ አሁንም ከሞቀ ያኔ ወደ ውስጥ ግቡ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን ከፍታችሁ አስነሱት፣ ከጅምሩ ሳያቋርጥ አረፋ ከወጣ የቃጠሎ ጋዝ ሊሆን ይችላል። ፓምፑ አየር ሲስብም አረፋ ስለሚመጣ ጋዙን ሲያገኝ ቀለም በሚቀይረው መመርመሪያ ፈሳሽ አረጋግጡ። ራዲያተሩ ውስጥ ዘይት ካያችሁ ደግሞ ቴስታታውን ከማውረዳችሁ በፊት የሞተሩን ዘይት በውሃ የሚያቀዘቅዘውን ኦይል ኩለር አውጥታችሁ በግፊት አስፈትሹት፣ ለመፍታትም ለመግጠምም ከቴስታታ ይቀላል።