በሃፍ-ላይፍ 2 ካርታ ላይ የሚገፉና የሚነሱ ዕቃዎችን መጨመር

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን የዚህን ጨዋታ ካርታ በሀመር (በካርታ መሥሪያው ፕሮግራም) ክፈቱ። ሺፍትና E ተጭናችሁ ዕቃውን አስቀምጡ፤ በኦልትና ኢንተር ዓይነቱን ወደ ፕሮፕ_ፊዚክስ (prop_physics፣ የሚንቀሳቀስ ዕቃ) ቀይሩና ሞዴሉን፣ ማለትም የዕቃውን ቅርጽ፣ ምረጡ። ከወለሉ ጥቂት ከፍ ይበል፤ ከወለል ወይም ከሌላ ዕቃ ጋር ከተደራረበ ጨዋታው ሲጀመር ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ይፈናጠራል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ዕቃው ከነጭራሹ ሲጠፋበት ነው። ሞዴሉ ሲሠራ የፊዚክስ መረጃ ካልተሰጠው የጨዋታው ሞተር (ጨዋታውን የሚያስኬደው ሶፍትዌር) ይሰርዘዋል፤ ኮንሶሉን (የጨዋታውን የመልእክት መስኮት) ብታዩ ምክንያቱ ተጽፏል። መፍትሔው ዓይነቱን ወደ ፕሮፕ_ፊዚክስ_ኦቨርራይድ (prop_physics_override) መቀየር ነው። የግጭት ቅርጽ የሌለውን ሞዴል ግን እሱም አያድነውም።

ክብደቱን በፍጹም ችላ አትበሉ፦ ተጫዋቹ በእጁ የሚያነሳው እስከ 35 ኪሎ፣ በግራቪቲ ገን (ዕቃ በሚስበውና በሚወረውረው የጨዋታው መሣሪያ) ደግሞ እስከ 250 ኪሎ ነው። ማስ ስኬል (የክብደት ማባዣ) ላይ 0.5 ስትጽፉ ክብደቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከዚያ በኤፍ 9 ኮምፓይል አድርጋችሁ (ካርታውን ጨዋታው ወደሚያነበው ፋይል ቀይራችሁ) ሞክሩት።