በፔኮ ኤችቲቲፒ ጥያቄን አለመቀበል፦ «ሪጀክት» መቼ፣ «ኮምፕሊት» መቼ?

የባልደረቦቼን በስካላ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ስገመግም ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው «ሪጀክት» ወደሚለው ትዕዛዝ ነው። የአካ (የሶፍትዌር መሣሪያ ስብስብ) ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2022 ከተለወጠ በኋላ ከአካ ኤችቲቲፒ ተገንጥሎ በወጣው የድር አገልግሎት መገንቢያ፣ በፔኮ ኤችቲቲፒ፣ «ሪጀክት» ለደንበኛው መልስ አይሰጥም። «ይህ መንገድ አላስተናገደውም፤ ቀጣዩ ይሞክረው» ማለት ብቻ ነው፤ መንገድ (ራውት) የምንለው ጥያቄን ተቀብሎ የሚያስተናግደውን የኮድ ክፍል ነው። መልስ ሰጥቶ ነገሩን የሚቋጨው «ኮምፕሊት» ነው።

የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት እንውሰድ። በመጽሐፍ አድራሻ ላይ አንደኛው የመንገዱ ቅርንጫፍ ጌትን (የማንበቢያ ዘዴ)፣ ሁለተኛው ፑትን (የመጻፊያ ዘዴ) ይቀበላል እንበል። አንድ ሰው ዲሊት (የመሰረዣ ዘዴ) ቢልክ ሁለቱም የየራሳቸውን ምክንያት መዝግበው ያሳልፉታል። ቅርንጫፎቹ ሁሉ ሲያልቁ የሪጀክሽን (ያለመቀበል ምክንያት) አስተናጋጁ ምክንያቶቹን ሰብስቦ 405 (ዘዴው አይፈቀድም) ይመልሳል፤ «አላው» በሚለው ራስጌም ጌትና ፑት እንደሚፈቀዱ ይናገራል። አንድ መስመር ሳንጽፍ እንዲህ ጥርት ያለ መልስ ማግኘታችን ለእኔ የዚህ አሠራር ትልቁ ውበት ነው።

አድራሻውም ዘዴውም ልክ ሆኖ 42 ቁጥር መጽሐፍ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ባይኖርስ? ብዙዎች እዚህ ላይ ባዶ ሪጀክት ይጽፋሉ። ሌላ የሚቀበለው ቅርንጫፍ ከሌለ መልሱ 404 (አልተገኘም) ስለሚሆን ልክ ይመስላል። ነገር ግን ከታች ያልታወቀ አድራሻን ሁሉ ወደ መነሻ ገጹ የሚወስድ ቅርንጫፍ ካለ ጥያቄው እዚያ ያርፋል፤ ጄሰን (የመረጃ ቅርጸት) ለሚጠብቀው የስልክ መተግበሪያ ኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ) ከ200 (ተሳክቷል) ጋር ይደርሰዋል። የመተግበሪያው ጸሐፊም ጥፋቱን በራሱ ኮድ ውስጥ ሲፈልግ ያመሻል። ስለዚህ መንገዱ ትክክለኛው መሆኑ ከታወቀ በኋላ ሪጀክት አታድርጉ፤ 404ን በኮምፕሊት ራሳችሁ መልሱ።

ፈቃድ የሚያጣራው «ኦተራይዝ» 403ን (ክልክል)፣ ግብዓት የሚያጣራው «ቫሊዴት» 400ን (የተሳሳተ ጥያቄ) በነባሪው አስተናጋጅ በኩል ያስገኛሉ። አንድ ነገር ላይ ግን ከነባሪው ጋር አልስማማም፦ የግድ የሚያስፈልግ የኩዌሪ ፓራሜትር (በአድራሻው ላይ ከጥያቄ ምልክት በኋላ የሚጻፍ እሴት) ሲጎድል መልሱ 404 ነው። አድራሻው እያለ የለም ማለት ሰውን ያሳስታል። እኔ በራሴ አስተናጋጅ 400 አደርገውና የጎደለውን ፓራሜትር ስም እጽፍበታለሁ።

አስተናጋጁ ሁሉንም መንገዶች ከውጭ ይክበብ። በተለይ ላልተገኘ አድራሻ መልስ የሚሰጠውን «ሃንድልኖትፋውንድ»ን በውስጠኛ ቅርንጫፍ ላይ ካደረጋችሁት፣ ያ ቅርንጫፍ የማያውቀውን አድራሻ በ404 ይዘጋዋል፤ ከእርሱ በኋላ የተጻፉት ዕድል አያገኙም።

በፈተና ኮድ ውስጥ መንገዱን አስተናጋጁን በሚያክልበት በ«ራውት ሲል» ሳትጠቀልሉ ስትፈትኑት የምታዩት የሪጀክሽኖቹን ዝርዝር ነው፤ ጠቅልላችሁ ስትፈትኑት ደግሞ ደንበኛው የሚያየውን መልስ። ሁለቱንም ዓይነት ፈተና ጻፉ።