ኮሚክ ሁሉ ሲደብራችሁ ምን ታነባላችሁ?

ማታ ነው። ራት ተበልቷል፣ ስልኩ ቻርጅ ሞልቷል፣ ፓኬጅም አለ። አንዱን ኮሚክ ትጀምሩና ሦስት ገጽ ሳትሄዱ ትዘጉታላችሁ። ሌላ ትከፍታላችሁ። ዋናው ሰውዬ ሞቶ ወደ ልጅነቱ ይመለሳል፣ ወይ ሌላ ዓለም ውስጥ ይወለዳል፣ ወይ ከሁሉም ደካማ የነበረው በአንድ ሌሊት ከሁሉም ይበልጣል። «ይሄን አንብቤዋለሁ» ትላላችሁ። አላነበባችሁትም። ግን ልክ ናችሁ።

እኔ አራት ወር ገደማ እንዲህ ሆኜ ነበር። በየሳምንቱ አዲስ ምዕራፍ የሚወጣላቸው አሥራ ምናምን ታሪኮች እከታተላለሁ፤ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሳስበው በጉጉት የምጠብቀው አንድም የለም። ዕቁብ የገባሁ ይመስል ማቋረጥ ነውር ሆኖብኝ ነበር የማነበው። አሁን ወጥቻለሁ። እንዴት እንደወጣሁ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር አጣሩ። የደበራችሁ ኮሚክ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም ነገር? ፊልሙም፣ ሙዚቃውም፣ የጓደኛ ወሬውም ከቀፈፋችሁ ጥፋቱ የኮሚክ አይደለም። ተኙ፣ ከቤት ውጡ፣ ሁለት ሳምንት ምንም አታንብቡ። ከዚያም በኋላ አልለቅ ካለ ለምታምኑት ሰው ወይም ለሐኪም ንገሩ። ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ኮሚክ ብቻ ከሆነ ግን እንቀጥል።

የያዛችሁትን ጣሉ። ዝርዝራችሁን ክፈቱና በእያንዳንዱ ላይ «ይሄ ነገ ባይወጣ ትዝ ይለኛል?» በሉ። ካልሆነ ሰርዙት። ሁለት መቶ ምዕራፍ ስለሄዳችሁ ሁለት መቶ አንደኛው ዕዳ አይሆንባችሁም። በተለይ በየሳምንቱ የሚወጣ ነገር ተንኮለኛ ነው። ምዕራፉ የሚያልቀው ሰውዬው በሩን ከፍቶ ክው ሲል ነው፤ ምን እንዳስደነገጠው ለማየት ሰባት ቀን ትጠብቃላችሁ፣ በሰባተኛው ቀን ድመት ሆና ትገኛለች። የምር የምትወዱት ካለ ተዉት፣ ይጠራቀም፣ ሃያ ሠላሳ ምዕራፍ ሲሆን አንድ ላይ አንብቡት። ሌላ ታሪክ ነው የሚመስለው።

አሁን ወረቀት አውጡ። እስከ ንጋት ያስነበቧችሁን አምስት ኮሚኮች ጻፉ፣ ከጎናቸው ደግሞ ምናቸው እንደያዛችሁ። አንድ ሕግ አለ፦ «አክሽን»፣ «ሮማንስ»፣ «ፋንታሲ» ማለት ክልክል ነው። እነዚህ የመደርደሪያ ስሞች ናቸው፤ በመደርደሪያ ስም እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚነቃ ሰው የለም።

የኔን ላሳያችሁ። «ዴዝ ኖት» ላይ ስሙ የተጻፈበትን ሰው የሚገድል ደብተር አለ። 12 ቅጽ ነው፣ በሦስት ቀን ጨረስኩት። ከዚያ ሞትና አጋንንት ያለበትን ሁሉ ሳሳድድ አንድ ዓመት አለፈ፤ አንዱም አልያዘኝም። ወረቀቱ ላይ ስጽፈው ነው የገባኝ። እኔ የወደድኩት ሁለት ብልጦች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ እየተሳሳቁ፣ እርስ በርስ ሲጠማመዱ ማየት ነበር። ስለዚህ አጋንንቱን ትቼ መጠማመዱን ፈለግሁና «ሞንስተር» ላይ ደረስኩ። የናኦኪ ኡራሳዋ ነው፣ 18 ቅጽ። ጀርመን ውስጥ የሚሠራ ጃፓናዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው፤ ከንቲባውን እንዲያክም ታዞ እያለ ቀድሞ የመጣውን ትንሽ ልጅ ያክማል፣ ከዓመታት በኋላ ያ ልጅ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ብቅ ይላል። አስማት የለም። ደብተር የለም። እንቅልፍም የለም።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ሌላ ነው፦ የሠራውን ሰው እጅ መከተል። ዘፋኝ ከወደድን ሌሎች ሥራዎቹን እንፈልጋለን አይደል? ኮሚክ ላይ ግን ሦስት መቶ ምዕራፍ አንብቦ የሣዩን ስም የማያውቅ ሞልቷል፣ እኔም አንዱ ነበርኩ። የ«ዴዝ ኖት»ን ሥዕል የሠራው ታኬሺ ኦባታ ከዚያ በፊት «ሂካሩ ኖ ጎ»ን ሥሏል፤ ጎ የሚባለውን የሰሌዳ ጨዋታ ስለሚጫወት ልጅ ነው። ሕጉን ሳላውቅ ጀመርኩት፣ ጨርሼውም ሕጉን አላውቅም፣ ግን ልጁ ጠጠሯን ሰሌዳው ላይ ባስቀመጠ ቁጥር እጄን ያልበኝ ነበር።

ሂሮሙ አራካዋን ደግሞ ብዙዎቻችሁ በ«ፉልሜታል አልኬሚስት» ታውቋታላችሁ። 27 ቅጽ፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ ብዙ ፍንዳታ። ከሱ በኋላ የሠራችው «ሲልቨር ስፑን» ስለ ግብርና ትምህርት ቤት ነው። አዎ፣ ላም ማለብ። አራካዋ ራሷ ሆካይዶ ውስጥ ወተት ላም ከሚያረባ ቤተሰብ ነው የተወለደችው፤ እበቱ ከገጹ ላይ ይሸታል። ሀቺኬን የሚባል የከተማ ልጅ ከአሳማ ግልገሎቹ መሀል ደቃቃውን ይወድዳል። ሊታረድ ነውና ስም አታውጣለት ይሉታል። ያወጣለታል። ያወጣለት ስም ደግሞ ከአሳማ ሥጋ የሚሠራ ምግብ ስም ነው።

እዚህ ጋ ዘግቼው ትንሽ ተቀመጥኩ። አሳማ ባልበላም ነገሩን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ለፋሲካ የተገዛ በግ ግቢ ውስጥ ታስሮ ሐሙስና ዓርብ ሣር ሳበላው፣ ግንባሩን ሳክለት እውላለሁ፤ እሑድ ጠዋት ይታረዳል፣ ከሰዓት በኋላ ጥብሱን እበላለሁ፣ ይጣፍጠኛልም። ስለዚህ ነገር ቤት ውስጥ ማንም አውርቶኝ አያውቅም። ኮሚክ ሁሉ ደብሮኛል ስል የነበርኩት ሰውዬ ስለ አንድ አሳማ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነቃሁ።

አጭርና ያለቀ ነገር ምረጡ። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረውን፣ ከ100 ቅጽ በላይ የሆነውንና አሁንም ያላለቀውን «ዋን ፒስ»ን በዚህ ሰሞን አትጀምሩ። መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ ጉልበት ይፈልጋል። «ኤ ሳይለንት ቮይስ» 7 ቅጽ ነው፤ መስማት የተሳናትን የክፍሉን ልጅ ያስቸግር የነበረ ልጅ ካደገ በኋላ ሊክሳት ሲሞክር ነው ታሪኩ። የኡራሳዋ «ፕሉቶ» 8 ቅጽ ነው። አንድ ነገር መጨረስ ራሱ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል።

አገርም ቀይሩ፤ እስካሁን የጠራኋቸው ሁሉ የጃፓን ናቸው። ስልክ ላይ ወደ ታች ብቻ እየጎተታችሁ የምታነቡ ከሆነ፣ የኮሪያ ዌብቱን ማለቴ ነው፣ ዓይናችሁ አንድ ዓይነት ፍጥነት ለምዷል። ሙሉ ገጽ ያለው ነገር ያዙ። «አያ»ን በጣም እመክራለሁ። ጸሐፊዋ የኮትዲቯሯ ማርጌሪት አቡዌ ናት፣ ሥዕሉ የክሌማን ኡብሬሪ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ አቢጃን ውስጥ ዮፑጎን የሚባል ሰፈር ነው። ጦርነት የለበትም፣ ረሃብ የለበትም፤ ማን ከማን ጋር ታየች፣ የማን አባት ምን ደበቀ፣ ማን ለማን ሊዳር ነው። ቡና ላይ የሚወራው ወሬ በሥዕል ነው በሉት። የማርጃን ሳትራፒ «ፐርሴፖሊስ» ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የኢራን አብዮት ሲፈነዳ ልጅ የነበረች ሴት ታሪክ። የ66ቱን አብዮት ያዩ ወላጆች ያሏችሁ ሰዎች አንብቡት፤ እራት ላይ አባታችሁ ጀምሮት በመሀል ዝም የሚለው ወሬ እዚያ ውስጥ አለ።

በአማርኛስ? ብዙ አይደለም፣ ግን አለ። «ጀምበር» የሚባለው የኛ አገር ሱፐርሄሮ ኮሚክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወጥቷል። በእንግሊዝኛ ብቻ ስታነቡ ለኖራችሁ፣ ሰው በራሳችሁ ቋንቋ ሲጮህ በንግግር ፊኛው ውስጥ ማየት መጀመሪያ ይገርማል። ለነገሩ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ የሚሰቀለውን የንግሥተ ሳባ ሥዕል አይታችሁታል አይደል? ብዙ ጊዜ 44 ሳጥን ነው፣ በተራ በተራ የተደረደረ፣ ከዘንዶው ጀምሮ እስከ ምኒልክ ድረስ፣ ከነጽሑፉ። ኮሚክ ካልሆነ ምንድን ነው?

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። አንዳንዴ የሚደብረው ትርጉሙ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ፒዲኤፍ ብዙው በማሽን የተተረጎመ ነው፣ ቀልዱ ይሞታል፣ ወንዱ ሴት ይሆናል፣ ማን ለማን እንደተናገረ አይታወቅም። ፈርዳችሁ ከመጣላችሁ በፊት ሕጋዊውን ትርጉም እዩ፤ «ማንጋ ፕላስ» የሚባለው የጃፓኑ አሳታሚ የሹዌይሻ መተግበሪያ የብዙ ታሪኮችን የመጀመሪያና የቅርብ ጊዜ ምዕራፎች በነጻ ያስነብባል። ገና ያልጀመራችሁትን ስትመዝኑ ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አትመኑ፣ እዚያ ላይ ሁሉም ሰው ለፍቶ ነው የሚሥለው። ከመሀል አንድ ተራ ገጽ ክፈቱ፣ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው የሚያወሩበትን። እሱ ዓይን የሚይዝ ከሆነ ይዛችሁት ሂዱ።

በመጨረሻ ሰው ጠይቁ። መተግበሪያው የሚያውቀው ትናንት የነካችሁትን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ያንኑ መልሶ ያቀርብላችኋል። ግን አጠያየቅ አለው። «ጥሩ ኮሚክ ንገሩኝ» ካላችሁ ሁሉም የሚያውቀውን አሥር ስም ነው የምታገኙት። የተዋችሁትንና የተዋችሁበትን ቦታ ንገሯቸው። እኔ ለጓደኛዬ የላክሁላት እንዲህ የሚል ነበር፦ «ውጊያ ሰልችቶኛል፣ ማንም ዓለምን እንዲያድን አልፈልግም፣ ፍቅሩ በሃምሳኛው ምዕራፍ እጅ ለመያዝ የሚያፍር ከሆነም ይቅርብኝ፣ ግን የሚሠራውን ሥራ የሚወድ ሰው ማየት ያስደስተኛል።»

አሥር ደቂቃ ቆይታ መለሰችልኝ። «ላም ትወዳለህ?»