ካሲዮዋን ከመጣላችሁ በፊት ክፈቷት

የአጎቴ ሰዓት ካሲዮ ኤፍ-91 ደብሊው ናት። ጥቁር፣ ቀላል፣ ፊቷ ላይ ሰማያዊ መስመር ያላት። ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። አጎቴ ወልዲያ ሒሳብ ሲያስተምር ሃያ ዓመት ገደማ ከእጁ አልለያትም። ሲያርፍ ወደ እኔ መጣች። ስክሪኗ ባዶ ነበር። ባትሪ አስቀየርኩላት፤ ምንም የለም። የቀየረልኝ ሰው «ማሽኑ ተቃጥሏል እህቴ፣ አዲስ ግዢ» አለኝ። ከወር በኋላ ራሴ ከፈትኳት። በወረንጦ ሁለት ሰከንድ ያህል ነካኋት፤ ቁጥሮቹ መጡ። ያን ቀን አልቅሻለሁ።

ማሽኑ አልተቃጠለም ነበር። ከዚያ ወዲህ የጎረቤትና የዘመድ ካሲዮ ስከፍት ያየሁትም ይህንኑ ነው። «ሞተች» የተባለችው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ከባትሪ በኋላ መደረግ ያለበት አንድ ነገር ያልተደረገላት ናት።

መጀመሪያ ውስጧን እንወቅ። ይህች ሞዴል የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። የማሽኗ ቁጥር 593 ሲሆን የጀርባ ክዳኗ ላይ ታገኙታላችሁ። ውስጧ ጥርስ የለም፣ የሚዞር ነገር የለም። ስለዚህ ዘይት እንዳታስነኳት። ያለው ባትሪ፣ አንዲት የኳርትዝ ቁራጭ፣ ቺፕ እና ስክሪን ነው። ኳርትዟ ኤሌክትሪክ ሲደርሳት በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ አልተመረጠም። ለሁለት አካፍሉት፣ መልሱን እንደገና ለሁለት፣ እንዲህ እያላችሁ 15 ጊዜ ውረዱ። 1 ላይ ትደርሳላችሁ። ቺፑ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ እያካፈለ ወርዶ አንድ ሰከንድ ያወጣል። አጎቴ ሰዓቷን ከእጁ ፈቶ ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጠ፣ ይህን ስሌት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከላይ እስከ ታች ያወርደው ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። ትንሽ ባለመስቀል ካቻቪቴ፣ ወረንጦ፣ ጥጥ፣ አልኮል፣ ላጲስ እና ነጭ ሰሃን አዘጋጁ። ሰሃኑን እንዳትንቁት። ባትሪው ሲአር2016 ነው። 20 ስፋቱ በሚሊሜትር ነው፤ 16 ደግሞ ውፍረቱ 1.6 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ «ይሄም ያው ነው» ብለው 2025 ቢሰጧችሁ አትቀበሉ። ይወፍራል፤ ክዳኑን በግድ ስትገጥሙት ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ብረቶች ያጣምማል።

ከጀርባ ያሉትን አራት ብሎኖች ፍቱና ክዳኑን ሰሃኑ ላይ ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ክዳኑ ላይ በውስጥ በኩል የተለጠፈች ስስ ክብ ነገር አለች። የ«ቢፕ» ድምፅ የሚወጣው ከእሷ ነው። ከማሽኑ ወደ እሷ ኤሌክትሪኩን የምታደርስ በጣም ትንሽ ስፕሪንግ አለች። ብትጠፋ ሰዓቷ ትሠራለች፣ ድምፅ ግን አይኖራትም። ሰሃኑ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

አሮጌውን ባትሪ አውጡ። ባትሪው የሚነካቸው ብረቶች ደብዝዘው ከሆነ በላጲስ ጫፍ በስሱ እሹ፣ ብናኙን አራግፉ፣ ከዚያ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉ። እኔ መድኃኒት ቤት ስለምሠራ አልኮል አላጣም። ግን የኛ አልኮል ውሃ አለበት፤ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ። ስክሪኑን አታስነኩ፣ ሽፋኑን ያበላሻል። አዲሱን ባትሪ ስትይዙ ሁለቱን ፊቶቹን በአንዴ በብረት ወረንጦ አትቆንጥጡ። ጠርዙን በንጹሕ ጨርቅ ያዙት።

አሁን ያቺ የተረሳችው ነገር። ባትሪው አጠገብ በላቲን ፊደል «ኤሲ» ተብሎ የተጻፈበት ቦታ አለ። የወረንጦውን አንዱን ጫፍ እዚያ፣ ሌላውን ጫፍ የባትሪው የመደመር ምልክት ያለበት ፊት ላይ አድርጉና ሁለት ሰከንድ ያህል ያዙ። ቺፑ ኃይል ተቋርጦበት ሲመለስ ተደናግሮ ሊነሳ ይችላል፤ ይህ ከዜሮ ያስጀምረዋል። የአጎቴ ሰዓት የጎደላት ይህ ብቻ ነበር።

ቁጥሩ መጥቶ ግማሽ ጎኑ ከጎደለ፣ ለምሳሌ 8 መሆን የነበረበት 6 ከመሰለ፣ ችግሩ ስክሪኑንና ማሽኑን የምታገናኘው የላስቲክ ዘንግ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍና የማያሳልፍ ንብርብር አላት። ቆሽሻለች ወይም ከቦታዋ ተንሸራታለች። አልኮል በነካ ጥጥ ጠርጋችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በቦታዋ መልሷት።

ከመግጠማችሁ በፊት የክዳኑን ጎሚኒ እዩ። ከተሰነጠቀ ቀይሩት። ደህና ከሆነ ሲሊኮን ግሪስ በስሱ ቀቡት። ያም ሆኖ ሰዓቷ የምትችለው ፍንጣሪና ዝናብ ነው፤ ይዛችሁ አትዋኙ።

በወር እስከ 30 ሰከንድ ብትቀድም ወይም ብትዘገይ ጤነኛ ናት። ኳርትዟ 25 ዲግሪ አካባቢ ይስማማታል፤ ከዚያ ሲሞቅም ሲበርድም ትዘገያለች። ስለዚህ መስኮት ላይ ፀሐይ ከምትመታት እጃችሁ ላይ ትዋል።

ሰዓቷን በኛ አቆጣጠር የምትሞሉ ከሆነ አንድ የአጎቴ ዘዴ ልንገራችሁ። ባለ12 ሰዓት አድርጓት። ከጠዋቱ 1 ሰዓትን «ፒኤም» የሚለው ምልክት ሳይኖር ሙሉ። ያኔ ምልክቱ የሚታየው ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ይሆናል፤ ቀኑም ልክ ንጋት 12 ላይ ይቀየራል። ምልክቱ ቀን ላይ እንዲታይ ከሞላችኋት ግን ቀኑ ማታ 12 ላይ ይቀየርባችኋል።

ቀኑንም በኛ ማድረግ ይቻላል። ሰዓቷ ዓመት አታውቅም፤ ወሩን የምትጠቀምበት ስንት ቀን እንዳለው ለማወቅ ነው። ወሩን 4 ላይ ሙሉት፣ 30 ቀን ትቆጥራለች። አዲስ ወር በገባ ቁጥር ግን ወደ 4 መመለስ አለባችሁ። ጷጉሜን የሚባል ነገር ደግሞ ከነጭራሹ አታውቅም። ከ5 ቀጥሎ፣ በአራት ዓመት አንዴ ከ6 ቀጥሎ፣ በእጃችሁ 1 ታደርጓታላችሁ። አጎቴ የእንቁጣጣሽ ለት ጠዋት፣ ቡናው ሳይቀዳ፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ መጀመሪያ የሚሠራው ይህን ነበር።