የሙሽራ እቅፍ አበባን በቤት ውስጥ እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞቻችን ሙሽራው ሙሽሪትን ሊወስድ ወደ ቤተሰቦቿ ቤት የሚመጣው እቅፍ አበባ ይዞ ነው። የሙሽሪት ወገኖች በር ላይ ቆመው በዘፈን አናስገባም ሲሉና ሚዜዎች ሲለማመጡ፣ አበባው በዚያ ሁሉ ግፊያ መሃል አልፎ ሙሽሪት እጅ ይገባል። ከዚያ በኋላ በመኪና ይጓዛል፣ ቀትር ላይ መናፈሻ ውስጥ ለፎቶግራፍ ይቆማል፣ ማታ ደግሞ አዳራሽ ይገባል። ስለዚህ የሙሽራ አበባ ለዓይን ማማሩ ብቻ አይበቃውም፤ አብዛኛውን ቀን ያለ ውሃ ቆይቶ አንገቱን ሳይደፋ ማምሸት አለበት። ይህን የሚወስነው የአስተሳሰሩ ጥበብ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያም በላይ አበባው ከመታሰሩ በፊት ውሃውን በሚገባ መጠጣቱ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ይህን መሠረት ያደረገ ስለሆነ፣ ልምድ የሌላት እህት ወይም አክስት እንኳ በቤቷ ልትሠራው ትችላለች።

ከሥራው በፊት ስለ ልማዱ

አበባና ሰርግ የተቆራኙት ከጥንት ጀምሮ ነው። በጥንታዊት ግሪክና ሮም ሙሽሮች የአበባና የቅጠል ጉንጉን በራሳቸው ላይ ይደፉ ነበር። ዛሬ በብዙ አገሮች የተለመደው የሙሽራ አበባ ግን ብዙ ነገሩን የወሰደው ከእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 ስታገባ ነጭ ልብስ ለብሳ የብርቱካን አበባ ጉንጉን ደፍታ ነበር፤ የብርቱካን ዛፍ አበባና ፍሬን በአንድ ጊዜ ሊሸከም ስለሚችል አበባው የመውለድና የመብዛት ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1858 ደግሞ የንግሥቲቱ የመጀመሪያ ልጅ ስታገባ በአበባዋ ውስጥ የአደስ ቅርንጫፍ ገባ፤ ከዚያ ጊዜ ወዲህ የቤተ መንግሥቱ ሙሽሮች፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ያገባችውን ኤልሳቤጥ ዳግማዊትን ጨምሮ፣ አደስን የፍቅርና የጋብቻ ምልክት አድርገው በእቅፋቸው ሲይዙ ኖረዋል።

ይህ አደስ እናቶቻችን ከቅቤ ጋር አዋህደው ለፀጉር የሚቀቡት፣ ሽታው ከሩቅ የሚታወቀው ያው ተክል ነው። እንግሊዞች ለሙሽራ እቅፍ የመረጡት ቅጠል በእኛም ቤት ለሴት ልጅ መዋቢያ የተመረጠ ሆኖ መገኘቱ ያስደስታል። ከጓሮ ወይም ከገጠር ዘመድ ዘንድ እርጥብ ቅርንጫፉን ማግኘት ከተቻለ፣ በኢትዮጵያዊት ሙሽራ እቅፍ ውስጥ ከማናቸውም የውጭ ማድመቂያ ቅጠል በፊት ቦታ ሊሰጠው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ሊታወቅ የሚገባው ልማድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1923 ኤልሳቤጥ ቦውዝ ላየን፣ በኋላ የንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት እናት የሆነችው፣ ለንደን ወደሚገኘው ወደ ዌስትሚንስተር አቢ ቤተ ክርስቲያን ለጋብቻዋ ስትገባ አበባዋን በማይታወቀው ወታደር መቃብር ላይ አኖረችው። ወንድሟ ፈርገስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1915 በሎስ ውጊያ ተገድሎ ነበር። ከእርሷ በኋላ የመጡት የቤተ መንግሥቱ ሙሽሮች ከሰርጉ በኋላ አበባቸውን ወደዚያው መቃብር መላክን ልማድ አድርገውታል። አባቷ ወይም እናቷ ያረፉባት ሙሽራም አበባዋን ከሰርጉ ማግስት ወደ መቃብራቸው ብትወስድ ትርጉሙ ለማንም ግልጽ ነው።

የሙሽራ አበባ የተጀመረው ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይታጠቡ ስለነበር የገላን ሽታ ለመሸፈን ነው የሚለው በሰፊው የሚነገር ታሪክ ማስረጃ የለውም፤ ለእንግዶች ባይተረክ ይሻላል።

አበባውን መምረጥና መግዛት

ሰርጉ እሁድ ከሆነ አበባው ሐሙስ ወይም ዓርብ ጠዋት መገዛት አለበት። ለዋናው አበባ ጽጌረዳን የሚተካከል አይገኝም፤ ለዚህም የምንኖርበት አገር ያግዘናል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሆለታና በመናገሻ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነው ደጋ የሚበቅለው ጽጌረዳ በቅዝቃዜው ምክንያት ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ራሱ ትልቅ፣ ዘንጉም ወፍራም ይሆናል። ዝቅ ባለውና በሚሞቀው በባቱ፣ በቀድሞ ስሙ በዝዋይ፣ ዙሪያ የሚመረተው ደግሞ ቶሎ ስለሚደርስ ብዙውን ጊዜ ራሱ አነስ ይላል። ደገኛው ከሆነ 20 ያህል፣ ትንሹ ከሆነ ከ30 እስከ 35 ዘንግ ለአንድ እቅፍ ይበቃል፤ ለሚሰበሩትና ለሚበላሹት አምስት ተጨማሪ መያዝ ደግሞ አይከፋም። የአገራችን ጽጌረዳ በአውሮፕላን ወደ ኔዘርላንድና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ስለሚላክ፣ በውጭ የምትኖር ሙሽራም የአበባ መሸጫውን ብትጠይቅ ልታገኘው ትችላለች።

አዲስነቱን ለማወቅ የአበባውን ራስ ከሥሩ፣ ከአረንጓዴው እንብርት ከፍ ብሎ፣ በሁለት ጣት በቀስታ መጫን ይበቃል። ጠንከር ካለ አዲስ ነው፤ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ግን ብዙ ቀን የቆየ ስለሆነ ዋጋው ቢቀንስም አይግዙት። ግማሽ ያህሉ የተከፈተውን መምረጥ ይገባል፤ ጭራሽ ያልተከፈተ እንቡጥ ለእሁድ ላይደርስ ይችላል፣ ሙሉ በሙሉ የፈካውም እስከዚያ ይረግፋል።

ለማድመቂያ ጂፕሶፊላ የሚባለው ትናንሽ ነጫጭ አበባ ወይም ቀያይ ፍሬ ያለው ሃይፐሪከም ከአበባ መሸጫ ይገኛል። ሃይፐሪከም በደጋችን ከሚበቅለው ከአሜጃ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ለሽታ አደስና አሪቲ ይጨመራሉ፤ የአሪቲ አመድማ አረንጓዴ ቅጠል ከነጭና ከሐምራዊ ጽጌረዳ ጋር እጅግ ይስማማል። አደይ አበባን የሚመኙ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን እርሱ የመስከረም አበባ ስለሆነ በጥርም ሆነ ከፋሲካ በኋላ ባሉት የሰርግ ወራት አይገኝም።

የእቅፉ መጠን ከልብሱ ጋር መመዘን አለበት። ለቬሎ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ታችም የሚወርድ እቅፍ ያምራል። የሐበሻ ቀሚስ ውበት ግን ከደረት ወደ ታች በሚወርደው ጥበብ ላይ ስለሆነ፣ ትልቅ እቅፍ ሸማኔውና ጠላፊው የደከሙበትን ሥራ ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ከ20 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ውሃ ማጠጣት

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚጠይቀው ሥራ ይህ ነው። አበባው ሲቆረጥ አየር ውሃ በሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይገባል፤ በቆሻሻ ባልዲ ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎችም ቱቦዎቹን ይደፍናሉ። ጽጌረዳ ገና ሳይጠወልግ አንገቱን የሚደፋው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በመጀመሪያ ባልዲውን በሳሙና አጥበው ያለቅልቁ። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳርና የሻይ ማንኪያ ሩብ የማይሞላ በረኪና ይጨምሩ፤ ስኳሩ አበባውን ይመግባል፣ በረኪናው ባክቴሪያን ይገታል። ከበረኪና ጋር ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ፈጽሞ አይቀላቀልም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ለሳንባ መርዛማ የሆነ ጋዝ ይወጣል።

ቀጥሎ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ ያራግፉ፤ እሾሁን በወፍራም ጨርቅ ይዘው የዘንጉን ልጣጭ ሳይልጡ ከላይ ወደ ታች ይሳቡት። ከጫፉ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር በተሳለ ቢላ ሰያፍ አድርገው ከቆረጡ በኋላ ሳይዘገዩ ውሃ ውስጥ ይክተቱት። የደነዘዘ መቀስ ዘንጉን ጨፍልቆ ቱቦውን ስለሚዘጋ ቢላ ይሻላል። ባልዲው ፀሐይና ነፋስ በማይገባበት ቀዝቃዛ ክፍል ቢያንስ ስድስት ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ ይቆይ፤ ውሃው በየቀኑ ይለወጥ። ሙዝና ሌላ የበሰለ ፍራፍሬ ያለበት ክፍል ወይም ፍሪጅ መቅረት አለበት፤ ከፍሬው የሚወጣው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ አበባውን ያስረጀዋል። አንገቱን የደፋ ጽጌረዳ ካጋጠመ አይጣል፤ ራሱ ቀጥ ብሎ እንዲቆም በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ጫፉን እንደገና ቆርጠው፣ እጅ በማያቃጥል ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ እስከ አንገቱ ቢያቆሙት ብዙውን ጊዜ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀና ይላል።

ማሰር

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ዘንግ አውጥተው በጠረጴዛ ላይ በየዓይነቱ ይደርድሩ። በመጓጓዝ የተጎዱትን የጽጌረዳውን የውጨኛ የአበባ ቅጠሎች አንድ በአንድ ከሥራቸው ይንቀሉ። ከዚያ በላይ ግን አይንቀሉ፤ አበባው ይሳሳል።

ከሁሉ ያማረውን አንድ ጽጌረዳ በግራ እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መካከል ቀጥ አድርገው ይያዙ። የሚያዘው ቦታ ከአበባው ራስ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ነው። ሁለተኛውን በመጀመሪያው ላይ አጋድመው፣ ራሱ ወደ ግራ፣ ጫፉ ወደ ቀኝ እንዲያመለክት ያድርጉ። ሦስተኛውንም በዚያው አቅጣጫ ይጨምሩና እቅፉን በእጅዎ ውስጥ ጥቂት ያዙሩት። እንዲሁ እየጨመሩና ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያዞሩ ሲሄዱ ዘንጎቹ እንደ መሶብ ስፌት ተጠማዘው ይገጥማሉ። አንድ ዘንግ እንኳ በተቃራኒው ከገባ እቅፉ ይቆለፋል፤ ሌሎቹን ይሰብራል፣ ክብነቱንም ያበላሻል። ስለዚህ ትክክል ያልመጣውን ዘንግ በጉልበት ከመግፋት አውጥቶ እንደገና ማስገባት ይገባል። ከየሦስቱ ጽጌረዳ በኋላ አንድ ቅርንጫፍ አደስ ወይም አሪቲ እየገባ ይሂድ። በመስታወት ፊት ቢሠሩት ሙሽሪትን የሚያየው ሰው የሚያየውን ገጽ እያዩ ማስተካከል ይችላሉ፤ ከላይ ወደ ታች ብቻ እያየ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጎኑን ይረሳዋል።

እቅፉ ሲሞላ በያዙበት ቦታ በሲባጎ ሦስትና አራት ጊዜ አዙረው ጠበቅ ያድርጉት፤ ልጣጩ እስኪቆረጥ ግን አይጥበቅ። ዘንጎቹን ከማሰሪያው በታች 18 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርተው እኩል ይቁረጧቸው። በደንብ የታሰረ እቅፍ ጠረጴዛ ላይ ያለ ድጋፍ ይቆማል፤ ከወደቀ ዘንጎቹ በትክክል አልተጠማዘዙም ማለት ነው፤ ጊዜ ካለ ፈቶ እንደገና ማሰር ያዋጣል።

ለመጠቅለያ ብዙዎች የሳቲን ሪባን ይጠቀማሉ። ከሐበሻ ቀሚሱ የተረፈ ጥለት ወይም ከእናት ነጠላ ላይ የተነሣ ጠርዝ ካለ ግን ከሪባን እጅግ ይበልጣል። አራት ሴንቲ ሜትር ስፋትና አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት ይበቃል። ከላይ ጀምረው ወደ ታች እየጠቀለሉ ተመልሰው ወደ ላይ ይውጡ፤ መጨረሻውን በስፒል ሲያያይዙ የስፒሉ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ዘንጎቹ መሃል እንዲገባ ያድርጉ፤ አለበለዚያ የሙሽሪትን እጅ ይወጋል። ከግርጌ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሳይጠቀለል ይቅር፤ እስከ እሁድ ጠዋት ጫፉ ጥቂት ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ይቆማል።

ለሙሽራውና ለሚዜዎች ኮት አንድ እንቡጥ ከአንዲት የአደስ ቅርንጫፍ ጋር ታስሮ በግራ በኩል ይሰካል። ሙሽሪት በአዳራሹ አበባ ልትወረውር ካሰበች ዋናው እቅፍ እንዳይጎዳ ትንሽ ሁለተኛ እቅፍ ቀድሞ ይታሰር።

በሰርጉ ቀን

አበባው ለሙሽራው ከመሰጠቱ በፊት ጫፉ በፎጣ በሚገባ ይድረቅ፤ የሚንጠባጠበው ውሃ የቅጠል ቀለም ስለሚይዝ ነጭ ልብስ ላይ እድፍ ይተዋል። በእቅፉ ሊሊ ካለ ደግሞ መሃሉ ላይ ያሉት ብናኝ ተሸካሚ ጫፎች ቀድመው ይነቀሉ። ብናኙ ልብስ ላይ ከወደቀ በውሃ አይታሽ፤ ይብስ ይሰርጋል፤ በማጣበቂያ ፕላስተር ቀስ ብሎ ማንሳት ይሻላል። በመኪና ውስጥ ውሃ የያዘ ሰፊ ብርጭቆ ወይም ትንሽ ባልዲ ይዘጋጅ፤ ከፎቶግራፍ ወደ ፎቶግራፍ በሚሄዱበት ጊዜ አበባው እዚያ ያርፋል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ተክሊሉ ሲፈጸም ሙሽሪት ካባና አክሊል ስለምትደርብ እጇ ነጻ መሆን አለበት፤ አበባውን የምትይዝላት ሚዜ ቀድማ ትታወቅ። ሙሽሪት እቅፉን በእምብርቷ ትክክል ትያዝ፤ ስትደሰት ወይም ስትፈራ ወደ ደረቷ ከፍ የማድረግ ልማድ ስላለ፣ ሚዜዋ በጆሮዋ ብታስታውሳት ፎቶግራፉ ያምራል።

ማስቀመጥ

እቅፉን ለማስታወሻ ማስቀረት የምትፈልግ ሙሽራ ከመልሱ በፊት መወሰን አለባት፤ ጽጌረዳ ጠውልጎ ቡናማ ከሆነ በኋላ ማድረቅ ውጤት የለውም። መጠቅለያው ይፈታና እቅፉ በሦስት ወይም በአራት ትናንሽ እስሮች ይከፈላል፤ ጥቅጥቅ ያለ እቅፍ መሃሉ ሳይደርቅ ይሻግታል። እያንዳንዱ እስር ብርሃን በማይገባበት፣ አየር ግን በሚዘዋወርበት ደረቅ ክፍል ራሱን ወደ ታች ተደርጎ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይሰቀላል። ነጩ ጽጌረዳ ሲደርቅ ወደ ክሬም ቀለም፣ ቀዩ ወደ ጥቁርነት ያደላል፤ ይህ ያለ ነገር ነው። ዘንጉ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ እንደገና በጥለቱ ታስሮ ክዳን ባለው ሳጥን ወይም በመስታወት ሥር ሊቀመጥ ይችላል።